ልጆቻችንን «ወፍራም» ከማለታችን በፊት ውሏቸውን እንይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሆን በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የ15 ዓመት ልጅ ስለሆነችው ሴት ልጄ፣ ስለ ትምህርት ቤቷ ሱቅና ከብሎካችን ፊት ለፊት ስላለው ሜዳ ነው። ልጄ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት አንብባዋለች፤ ሁለት ነገር እንዳልጽፍም ከልክላኛለች። አንደኛው ስሟ፣ ሁለተኛው ክብደቷ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ለሚውል ሰው ሁለተኛው ክልከላ ከበድ ቢልም ተስማምቻለሁ፤ ስለዚህ «ስንት ኪሎ ነበረች፣ አሁንስ ስንት ሆነች?» ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ መልሱን እዚህ አያገኝም።

ቱሉ ዲምቱን የማያውቅ ሰው ቢኖር የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ቦታ ነው ብል ይበቃል። እዚህ የገባነው ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከዚያ በፊት በኪራይ የኖርንበት የጉለሌ ሰፈር ጠባብ፣ ጭቃማና ጫጫታ የበዛበት ነበር፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ ነበር፣ ዳቦ ቤቱ ቁልቁለቱ ሥር ነበር፣ ከሰዓት በኋላም እናቷ ሦስት ጊዜ ሳትጣራ ከሱዚና ከሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ አትመለስም ነበር። ወደ ራሳችን ቤት ስንገባ ይህ ሁሉ እንደሚቀር አላሰብንም፤ ያሰብነው ስለ ዕጣው፣ ስለ ባንክ ክፍያው፣ ስለ ውኃና መብራቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስለራቀ ሰርቪስ አስመዘገብናት። ጠዋት 12 ሰዓት ከ20 ሲሆን ከብሎኩ ሥር የሰርቪሱ ጡሩምባ ይሰማል፤ መኪናው ልጆችን እየለቀመ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዞራል፤ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ከዚያው በር ላይ ያወርዳታል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ያችው ጥቂት እርምጃም ቀረች፤ ልጅቱ ለወራት አራተኛ ፎቅ ላይ ከስልክና ከቴሌቪዥን ጋር ተቀመጠች። ትምህርት ሲከፈት ሰርቪሱ ተመለሰ፤ ሱዚው ግን አልተመለሰም።

ሰውነቷ ከልክ በላይ እየጨመረ መሆኑን መጀመሪያ ያስተዋለው የዩኒፎርም ሰፊው ነበር። መስከረም ላይ የሰፋላትን ጉርድ ቀሚስ በዓመቱ አጋማሽ እንዲያሰፋልን ስንወስድለት ከውስጥ በኩል የሚለቀቅ ጨርቅ ስላልቀረ ከሌላ ቁራጭ ቀጠለበት፤ እኔም ሆንኩ እናቷ «ያው እያደገች ነው» ብለን ወጣን። እንዲህ ማለታችን ከድንቁርና ብቻ የመጣ አይመስለኝም። እኛ «ተመቸህ» እና «ወፈርክ» የሚሉት ቃላት የምሥራች ሆነው፣ «ከሳህ» የሚለው ደግሞ «ምን ነካህ?» ከሚለው ጋር ተያይዞ የሚነገርበት አገር ልጆች ነን። በ1990ዎቹ፣ ኤችአይቪ ከየመንደሩ ወጣቱን በሚወስድበት ጊዜ፣ የሰው መክሳት ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚወራ ነገር እንደነበረ የእኔ ዕድሜ ያለው ሁሉ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ልጄ ድንቡሽቡሽ ባለች ቁጥር አያቷ ደስ ይላታል፣ ጎረቤት «አየሩ ተስማምቷታል» ይላል፣ እኔም እኮራለሁ። ችግሩ ያው ሰው፣ በዚያው አፉ፣ ልጅቱ 14 ዓመት ሲሞላት ቋንቋውን መለወጡ ነው። ለገና ዘመድ ቤት ተሰብስበን ሳለ አንድ የቅርብ ዘመዳችን «ወንበሩን እንዳትሰብሪብን» ብሎ ቀለደ፤ ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ከሁሉም ጋር ፈገግ ማለቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ግብዣ በተጠራን ቁጥር የቤት ሥራ አለብኝ ማለት ጀመረች።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ይብሳል፤ ወላጆች እንዲጠነቀቁ በግልጽ ልጻፈው። አክስቷ፣ ማለትም የእኔ ታላቅ እህት፣ በቅን ልብ ተነሣሥታ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ «የቦርጭ ማጥፊያ» የተባለ ሻይ ገዝታ ሰጠቻት። እንዲህ ያሉ ሻዮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሰናመኪ ነው፤ ይህም አንጀትን የሚያስቀምጥ ተክል ነው። የሚያወጣው ውኃን እንጂ ስብን ስላልሆነ ሚዛኑ ላይ የታየው ቅናሽ ውኃ ሲጠጡ ወዲያው ይመለሳል። ልጄ ይህን አታውቅም ነበር፤ ሻዩን ማታ ማታ ትጠጣለች፣ ቁርሷን ትተዋለች፣ የምሳ ዕቃዋንም ለጓደኞቿ አካፍላ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እህቴን አልወቅስም። እኔ አባቷ በፈገግታ ያለፍኩትን ነገር እሷ ቢያንስ መፍትሔ ልትፈልግለት ሞክራለች።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ወጣት የጤና መኮንን ነች። የደም ግፊቷንና የደም ስኳሯን ለካች፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ቁመቷንና ክብደቷን ከለካች በኋላ እኔ ብልህ መስዬ ኪሎውን ለቁመት ካሬ አካፍዬ ከ25 እና ከ30 ጋር ማመሳከር ስጀምር፣ ያ መለኪያ ለአዋቂ እንደሚሠራና ከ5 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ግን ከዕድሜያቸውና ከጾታቸው አንጻር በተዘጋጀ ሠንጠረዥ እንደሚታዩ በትሕትና አስረዳችኝ። ከዚያ የነገረችን ነገር አስገረመን። ልጅቱ ገና ቁመት እየጨመረች ስለሆነ ጨርሶ መራብ የለባትም፤ እንደ ሙሽራ ለሠርግ ቀን የሚደረግ ፈጣን መክሳት አጥንቷን፣ ደሟንና የወር አበባዋን ሊያውክ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግብ ክብደቱ መጨመሩን እንዲያቆም ማድረግ ሲሆን፣ ቁመቱ ከሥር እየመጣ የተወሰነውን ሥራ ራሱ ይሠራዋል አለች። ቀጥላም ወደ ልጄ ዞር ብላ «ከጠዋት እስከ ማታ ቀንሽ እንዴት ነው የሚያልፈው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አለቻት። ልጄ ስትናገር እኔ ጎን ተቀምጬ በልቤ ስደምር ነበር። በአንድ የትምህርት ቀን በእግሯ የምትሄደው ከብሎኩ በር እስከ ሰርቪሱ፣ ከሰርቪሱ እስከ ክፍሏ፣ ከክፍሏ እስከ ሱቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ የእኔ ልጅ ስድስትም አይሞላላትም ነበር። ውሏን እንዲህ አድርገን ያዘጋጀንላት፣ የሰርቪሱንም የመክሰሱንም ገንዘብ በየወሩ የምንከፍለው እኛ ነን።

ቤት ስንመለስ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር የምችለውን ነው፤ ወረቀት አውጥቼ ሒሳብ ሠራሁ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄ፣ የ9 ዓመቱ ወንድሟና የባለቤቴ እናት፣ አምስት ሰዎች፣ በወር 6 ኪሎ ስኳር እንጨርሳለን። ለአንድ ሰው በቀን 40 ግራም፣ ማለትም 10 የሻይ ማንኪያ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀን ኃይላችን 10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 10 በመቶው በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ገደማ ነው። «ታዲያ ደህና ነን» ልል ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ከውጭ የሚገባው የለበትም። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር፣ ማለትም ስምንት ማንኪያ ያህል ይይዛል። ልጄ ከትምህርት ቤቱ ሱቅ በቀን አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ትጠጣ ነበር። ስምንት ማንኪያ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ቢደረግ ማንም አፉ ላይ አያደርሰውም፤ ቀዝቅዞና አረፋ አውጥቶ ሲመጣ ግን ይወርዳል።

ስኳሩን በአንድ ጊዜ አልቆረጥንም። ከሦስት ማንኪያ ሻይ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ ለመውረድ ሁለት ወር ያህል ፈጀብን፤ አማቴ ብቻ «በዚህ ዕድሜዬ ልትድሩኝ ነው?» ብለው ሦስቱን አስከብረዋል። የዘይቱ ነገር ግን ከስኳሩም የከበደ ነበር። እንደ ብዙው የከተማችን ነዋሪ እኛም የምንጠቀመው የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነው፤ ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ ልብ የማይወደው የስብ ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ፈሳሹ ለመቀየር ኪሳችን አልፈቀደም፤ ስለዚህ የዘይቱን ዓይነት ሳይሆን መጠኑን ቀነስን። ባለቤቴ የእናቷን የቁሌት አሠራር መለሰችው፦ ሽንኩርቱ ደቅቆ፣ በደረቅ ድስት፣ በራሱ ውኃ እየተቁላላ፣ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውኃ እየተጨመረለት ይቆይና ዘይቱ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ከጀሪካን እየተንደቀደቀ ሳይሆን በጭልፋ ተለክቶ። ወጡ አልከፋም። እንዲያውም አማቴ «አሁን ወጥ ወጥ ሸተተ» አሉ። እንጀራን አልነካንም። እንጀራ አወፈረኝ የሚል ሰው አብሮት የወረደውን ዘይትና ከኋላ የተከተለውን ለስላሳ ቢያስብ መልካም ነው። በአንድ ማዕድ መብላታችንም አልቀረም፤ የቀረው ልጄ ክፍሏ ገብታ ስልክ እያየች ለብቻዋ የምትበላው ነው። አያት ጉርሻ ያበዛሉ፣ ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም የአያት ጉርሻ ያወፈረው ሰው አላጋጠመኝም።

ስለ ጾም አንድ ነገር ላንሣ፤ ብዙ ምእመን ቤተሰብ የሚሳሳትበት ይመስለኛልና። ልጄ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ትጾማለች። እኔም ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ለ55 ቀን ሲቀር ክብደቱ በራሱ ይቀንሳል ብዬ ነበር። በትንሣኤ ማግስት ስትመዘን ግን ጨምራ ተገኘች። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም፤ እስከ 9 ሰዓት ጾማ ስትወጣ የትምህርት ቤቱ ሱቅ የጾም ነው ብሎ የሚያቀርብላት ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ቦንቦሊኖና በተጠበሰ ድንች የተሞላ እርጥብ ነው። ሁሉም የጾም ነው፤ ሁሉም ከዘይት የወጣ ነው። ጾም መንፈሳዊ ሥርዓት እንጂ የማክሻ ዘዴ እንዳልሆነ ካህናቱ ሁልጊዜ ይናገራሉ፤ እኔ ግን የሰማሁት በሚዛን ነው። በሚቀጥለው ጾም እናቷ አሹቅና ቆሎ ቋጠረችላት፤ ከጾም ስትወጣም ሽሮና ጎመን ቤት ይጠብቃታል።

አሁን ወደ እግር ጉዞው ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣው እሱ ነውና። የጤና መኮንኗ ጂም አላዘዘችም፤ «ቀኗ ውስጥ የሚገባ መንገድ ፈልጉ» ነው ያለችው። ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ወላጆች ጋር ተነጋግረን ከሰዓት በኋላ ሰርቪሱ ሦስቱን ልጆች ከዋናው መንገድ መታጠፊያ ላይ እንዲያወርዳቸው ተስማማን። ከዚያ እስከ ብሎካችን 2.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ እያወሩ 35 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። የሚያስቀው ነገር፣ ሰርቪሱ በየብሎኩ እየዞረ ሲያወርድ ከእነሱ የሚቀድመው በአሥር ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እኔና ልጄ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ እንሄዳለን። የአቃቂ አካባቢ ከእንጦጦና ከሱሉልታ ከፍታ ዝቅ ስለሚል አትሌቶች ለፈጣን ልምምድ ይመጡበታል፤ አንዳንድ ማለዳ አሥር አሥራ አምስት ሆነው እንደ ነፋስ ያልፉናል። በመጀመሪያው ወር ቆም በል እያለች የምትጠብቀኝ ልጄ ነበረች፤ ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ነኝ። እሷን ለመርዳት የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ኃይሌስ ከአሰላ አጠገብ ካለው ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ አይደል የተማረው?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ሮጦ ተምሯል፤ ደብተሩን እንደያዘ መሮጡ በአሯሯጡ ላይ እንኳ ይታያል ይባላል። ነገር ግን ኃይሌ የሮጠበት መንገድ ላይ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ አልነበረም። ልጆቻችን የሚሄዱበት መንገድ ግማሹ የእግረኛ መንገድ የለውም፤ በበጋ አቧራ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ የአካባቢያችን ጥቁር አፈር እንደ ሊጥ ከጫማ ሥር ይጣበቅና አንድ እግር ሁለት ኪሎ ያህላል። ማለዳ ውሻ አለ። ለሴት ልጅ ደግሞ ከውሻ የባሰም አለ፤ ከባጃጅ ተራ ላይ ተቀምጠው ሰውነቷን እያነሡ የሚጮሁ ጎረምሶች። ልጄ ለብቻዋ ሆና መንገድ ላይ የሮጠችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እያለቀሰች ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ነው ቅዳሜን ከእኔ ጋር ያደረግነው። በወሩ መጨረሻ እሑድ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ እንዲንቀሳቀስባቸው የማድረግ ልማድ በኅዳር 2011 ሲጀመር ተደስቼ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነገር ነው እላለሁ፤ ግን ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ መሃል ከተማ ለመራመድ ሁለት ታክሲ መሳፈር ያስፈልጋል። በኮሪደር ልማት በመሃል ከተማ የተሠሩትን ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ስንሻገር ልጄ «ለእኛም ሰፈር አንድ ኪሎ ሜትር ቢደርሰን» ትላለች።

ባለፈው ክረምት ጭቃው መንገዱን ሲዘጋብን ደረጃውን አገኘነው። ብሎካችን አሳንሰር የለውም፤ ከምድር እስከ በራችን 72 ደረጃ ነው። ልጄ ወንድሟን አስከትላ ማታ ማታ አራት ጊዜ መውጣትና መውረድ ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ በራቸውን ከፍተው «ምን ሆናችሁ? ሰው ታመመባችሁ?» ብለው ደንግጠው ወጥተው ነበር፤ አሁን በሩ ሲከፈት «ስንተኛችሁ ነው?» ነው የሚሉት። እንቅልፍን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ስንሰማ የሁላችንም ስልክ፣ የእኔም ጭምር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሳሎን ውስጥ እንዲያድር ወሰንን። በጣም የተቃወምኩት እኔ ነበርኩ።

«አገሪቱ ስለ መቀንጨር በምትጨነቅበት ሰዓት ይህ የጠገበ ሰው ችግር አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንግሥት በ2007 የሰቆጣ ቃል ኪዳንን የገባው የሕፃናት መቀንጨር የአገር ጉዳት ስለሆነ ነው፤ ማንም ከዚያ ላይ ዓይኑን እንዲያነሣ አልፈልግም። ግን እኔ የወር ደመወዝተኛ ነኝ፤ ጎረቤቶቼም እንዲሁ። ልጆቻችን የወፈሩት በጥጋብ አይደለም። ርካሽ ሆኖ ሆድ የሚሞላው ዳቦ፣ ዘይትና ስኳር ነው፤ ውድ የሆነው እንቁላል፣ ፍራፍሬና አትክልት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ደም ያነሳትና ክብደቷ የበዛ አንዲት ልጅ ልትገኝ ትችላለች፤ ሁለቱም የሚመጡት ከዚያው ገበታ ነው።

ይህን ሁሉ በቤታችን አቅም ያደረግነው ነው። ከቤታችን አቅም በላይ የሆነውን ደግሞ ላቅርብ። የልጄ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ በሳምንት ሰሌዳው ላይ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ይጽፋል። ከአንድ መንፈቅ ዓመት ውስጥ ልጄ ግቢ ወጥታ የተንቀሳቀሰችበትን ክፍለ ጊዜ በጣቶቿ ቆጥራ ነገረችኝ፤ የቀረው ለሒሳብ ማጠናከሪያ ውሏል። የሒሳብ ሰው ሆኜ ሒሳብን መቃወም ባይገባኝም ይህን እቃወማለሁ። ስለ ሱቁ ለወላጅ ኮሚቴው ጥያቄ ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ ሱቁ በጨረታ የተከራየ መሆኑንና ተከራዩ ኪራዩን የሚሸፍነው በለስላሳ ሽያጭ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ትምህርት ቤቱ በዚህ መንገድ የሚያገኘው ገቢ ከእኛው ልጆች የመክሰስ ገንዘብ የሚመጣ ነው። በለስላሳ መጠጥ ላይ መንግሥት ኤክሳይዝ ታክስ ይጥላል፤ ይኸው መጠጥ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ምንም ገደብ ለ12 ዓመት ልጅ ይሸጣል። የምጠይቀው ብዙ አይደለም፦ የኪራይ ውሉ ሲታደስ ለስላሳውና ከረሜላው ከውሉ ይውጣ፣ ውኃ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ ይግባ፤ ኪራዩ ከቀነሰም ልዩነቱን ወላጆች ተነጋግረን እንሸፍን። እኔ ስሌቱን ሠርቼ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ፤ ለአንድ ልጅ በወር የሚደርሰው ከሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ዋጋ አይበልጥም።

ሜዳው ደግሞ እዚሁ ነው። በእኛና በሚቀጥለው ብሎክ መካከል በፕላን የጋራ መጠቀሚያ የተባለ ክፍት ቦታ አለ። ስንገባ ልጆች ኳስ ይራገጡበት ነበር። ዛሬ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሮ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ በቀረው ላይ ባለቤቱ የማይታወቅ የአሸዋና የድንጋይ ክምር ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ለመኪናዬም ቦታ እፈልጋለሁ ባይ ጎረቤት መብት አለው፤ መኪኖቹ ግን ቀን ቀን የሉም፤ የሚመለሱት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከ10 እስከ 1 ሰዓት አጥሩ ተከፍቶ ለልጆች ቢለቀቅ ማንም አይጎዳም። ለሕንፃው ኮሚቴ ይህን በጽሑፍ አቅርበን «እናያለን» ተብለናል። ክምሩ ግን ኮሚቴ አያስፈልገውም፤ አካፋ ይበቃዋል። ባለፈው ቅዳሜ ስምንት አባወራዎች ተሰባስበን ከጥጉ ላይ አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ የሚያህል ቦታ ጠረግን፤ ገመድ ወጠርን፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ሴቶቹ ልጆች ሱዚ ይዘው ወረዱ። ልጄ «እኔ ትልቅ ሆኛለሁ» ብላ ለጥቂት ጊዜ ቆማ ካየች በኋላ ገባች።

አሁን አንድ ዓመት ሆኖናል። ለውጡ ቀጥ ብሎ የመጣ አልነበረም፤ በፈተና ወር ይቆማል፣ ለበዓል ይመለሳል፣ አንዳንድ ሳምንት ሁላችንም ተስፋ እንቆርጣለን። ቁመቷ 4 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል፤ ይህን ቁጥር እንድጽፍ ፈቅዳለች። በመስከረም ጉርድ ቀሚሷን ለማጥበብ ወደዚያው ሰፊ ወሰድነው። የቀጠለውን ቁራጭ ፈትቶ አወጣና ወገቡን ሲያስገባ ትርፉን ጨርቅ ሳይቆርጥ ከውስጥ አጥፎ ሰፋው። ለምን እንደማይቆርጠው ስጠይቀው «ልጅ ናት፣ ገና ታድጋለች፤ ጨርቁ ይኑር» አለኝ። መንደሩ ግን እንደ ሰፊው አላሰበም። «ምነው ልጅቱ ከሳች? ሐኪም አሳያችኋት?» የሚሉኝ ሰዎች ዓምና «ምን እየመገባችኋት ነው?» ብለው የሳቁት ናቸው። ልጄ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንዳልቆርጣቸው ለምናኛለች።

ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ከሁለቱ ክልከላዎች ሌላ አንድ ነገር አስጨመረችኝ። ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ንፍሮና በቆሎ እሸት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ በጋዜጣ ጠቅልለው የሚሰጧቸው ልጆች እየበዙ ነው፤ ነገር ግን ጥበቃዎቹ «የግቢውን ገጽታ ያበላሻሉ» እያሉ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያስነሷቸዋል። ከአጥሩ በውስጥ በኩል፣ ከእሳቸው አሥር እርምጃ ርቀት ላይ፣ በቀይ መብራት ያጌጠው የለስላሳ ማቀዝቀዣ ቆሟል። ልጄ እንዲህ ብለህ ጻፍ አለችኝ፦ «ማቀዝቀዣው ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ካልሆነ ግን ቢያንስ እሳቸውን አታስነሷቸው።»

ከአክብሮት ጋር
አንድ አባት
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ